አውታርና ዘመን፦ የጅማትና የጭራ ታሪክ በጎጃም ደጋ

የሙዚቃ መሣሪያ ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው እንጨቱና ቁርበቱ፣ ደርዳሪውና ዜማው ነው። ቶሎ የሚያልቀውና ደጋግሞ የሚለወጠው አውታር ግን እምብዛም አይነሣም። ሆኖም አውታር ከምን እንደሚሠራና መቼ መለወጥ እንደሚገባው ማወቅ ከሙያው ዐበይት ዕውቀቶች አንዱ ነው።

ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ደብረ ማርቆስ፣ በ1873 ዓ.ም. በነገሡት በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን የጎጃም መናገሻ ነበረች። በዚያ ዘመን በደጋው አገር መሣሪያ ሠሪው ለአውታር የሚሆነውን ሁሉ ከአካባቢው ያገኝ ነበር። የመሰንቆው አንድ አውታርም ሆነ የደጋኑ ክር የሚሠራው ከፈረስ ጭራ ነው። ለዚህም ጎጃም የታደለ አገር ነው፤ በአዊ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የፈረስን ክብር ጠብቆ ኖሯል። የበገናው 10 አውታሮችና የክራሩ 5 ወይም 6 አውታሮች ደግሞ ከጅማት ይሠሩ ነበር። የበግ አንጀት ይታጠባል፣ ይፋቃል፣ ይገመዳል፤ ከዚያም ተወጥሮ ይደርቃል።

የአውታር እርጅና ምልክቱ እንደ ዓይነቱ ይለያያል። የመሰንቆ ጭራ አንድ በአንድ እየተበጠሰ ይሳሳል። አውታሩና ደጋኑ እርስ በርስ ስለሚፋተጉ ሁለቱም ያልቃሉ። ሙጫ ተቀብቶም ደጋኑ የሚያንሸራትት ከሆነ ጭራው ሥራውን ጨርሷል ማለት ነው። ጅማት በበኩሉ ጣት በሚያርፍበት ቦታ ይተለተላል፤ ውፍረቱም ወጥነቱን ያጣል። ውፍረቱ ወጥ ያልሆነ አውታር ደግሞ እኩል አይርገበገብምና የቱንም ያህል ቢወጠር ቅኝቱ አይጠራም።

ይሁን እንጂ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በዚህ ዝናባማ ደጋ ፍርዱ ቀላል አይደለም። ጅማት እርጥበት ይስባል፤ በክረምት የላላው ሁሉ አርጅቷል ማለት አይቻልም። ደርቆ እንደገና ሲቃኝ ጸንቶ የሚቆየው ገና ዕድሜ አለው፤ ደርቆም ቅኝት የማይዘው ግን መለወጥ ይገባዋል። አዲሱም አውታር እስኪሳብና እስኪረጋ ድረስ ደጋግሞ መቃኘት ይፈልጋል። ይህን ለይቶ የሚያውቅ ጆሮ ከመምህር ወደ ተማሪ በልምድ ይተላለፋል እንጂ በጽሑፍ የሚገኝ አልነበረም።

ዕውቀቱ በሰው ላይ የተመሠረተ በመሆኑም ሰው ሲጠፋ አብሮ ለመጥፋት የተጋለጠ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የፋሺስቱ አገዛዝ አዝማሪዎችን፣ ባሕታውያንንና ጠንቋዮችን ማሳደድና መግደል ያዘ። ወራሪው የፈራው የአንድ አውታር ድምፅ የሕዝቡን ልብ እንደሚያነሣሣ ስላወቀ ነው።

ሁለተኛው ለውጥ የመጣው ከፋብሪካ ነው። ናይሎን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1938 ለዓለም ተዋወቀ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንጀት ለቁስል መስፊያ ክር በብዛት ስለተፈለገ፣ ከጦርነቱ በኋላ የጊታር አውታር ሳይቀር ወደ ናይሎን ዞረ። ናይሎንና ሽቦ ወደ ክራርና በገናም ገቡ። ናይሎን እርጥበትን ይቋቋማል፤ ሽቦም ደማቅ ድምፅ ይሰጣል፤ ሁለቱም ድካም ይቀንሳሉ። ዳሩ ግን የበገና ነዛሪ ድምፅ የሚፈጠረው አውታሩ በበርኩማው ላይ ከተደረገው እንዚራ ከተባለ ቁራጭ ቆዳ ጋር ሲነካካ ነው። የአውታሩ ክብደትና ልስላሴ ሲለወጥ ይህም ንዝረት መለወጡ አይቀርም።

በ1960ዎቹ አጋማሽ አለሙ አጋ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገናን ያስተምሩ ነበር። በደርግ ዘመን ግን የበገና ድምፅ ከሬዲዮ ራቀ፤ ትምህርቱም ተቋረጠ። ዛሬ በገና የሚማሩ ወጣቶች እንደገና በርክተዋል። ለእነርሱ ድርደራውን ብቻ ሳይሆን አንጀት አፍቆና ገምዶ አውታር መሥራትን ማስተማር ያስፈልጋል። ያረጀ አውታር በጊዜው ቢለወጥ መሣሪያው ይድናል፤ አውታር መሥራት የሚያውቅ ሰው ግን ተተኪ ሳያፈራ ካለፈ ከገበያ ገዝቶ መተካት አይቻልም።