ከረሜላው፣ ፎቶግራፉና ተሸካሚው

አንድ ከረሜላ ሻጭ ደንበኞቹን «በሄዳችሁበት አገር ሁሉ ከረሜላዬን ይዛችሁ ፎቶግራፍ ተነሡና ላኩልኝ፤ ላሸነፈ ሽልማት አለው» ቢላቸው ምን ክፋት አለው? እንዲያው ሲታይ ምንም። ደንበኛው ይደሰታል፤ ሻጩ ይታወቃል፤ ሽልማቱም ቢበዛ አንድ ካርቶን ከረሜላ ነው። ዳሩ ግን የታሪክ ተማሪ የሆነ ሰው በዚህ ብቻ አያልፍም። ዘዴው ከየት መጣ? ማን ደከመበት? ማንስ ተጠቀመበት? ብሎ መጠየቅ አለበት። በዚህች ጽሑፍ ምሳሌ አድርጌ የማቀርበው በሰሜን እንግሊዝ የምትገኘውን የኬንዳልን ከተማና የሷን ከረሜላ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኬንዳል ትልቅ ከተማ አይደለችም። የእንግሊዝ ሐይቆችና ተራሮች ወደሚገኙበት አገር መግቢያ በር ናት። ከረሜላዋ «ሚንት ኬክ» ይባላል። ኬክ ይባል እንጂ ዱቄትም እንቁላልም የለበትም። ስኳር፣ ግሉኮስና ውሃ አብሮ ይፈላል፤ የናና ዘመድ የሆነው የፔፐርሚንት ዘይት ይጨመርበታል፤ እስኪደፈርስ ድረስ ይማሰላል፤ ከዚያም ቅርጽ ማውጫ ላይ ይፈስና ሲረጋ ነጭ ጠፍጣፋ ድፍን ይሆናል። አፍ ውስጥ ሲገባ ቀዝቀዝ ይላል፤ ወዲያው ይሟሟል። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው። ስለ አጀማመሩም ሲተረክ፣ በ1869 ጆሴፍ ዋይፐር የተባለ ጣፋጭ ሠሪ ጥርት ያለ የሚንት ከረሜላ ለመሥራት ድስቱን ጥዶ ሳለ ስኳሩ ሳያስበው ደፈረሰበት፤ ቢቀምሰው ጣፈጠው ይባላል።

በአጋጣሚ ተገኘ ሲባል ግን ስኳሩም ከሰማይ የወረደ እንዳይመስለን። በ18ኛው መቶ ዘመን የኬንዳል ሸማኔዎች «የኬንዳል ኮተን» የሚባል ሻካራ ጨርቅ ይሠሩ ነበር። ስሙ ጥጥ ይምሰል እንጂ ሱፍ ነው። ይህ ጨርቅ በመርከብ እየተጫነ ወደ ካሪቢያን ደሴቶችና ወደ አሜሪካ ይሄድና በሸንኮራና በትምባሆ እርሻ ላይ ለሚማቅቁት አፍሪካውያን ባሪያዎች ልብስ ይሆን ነበር። ከኬንዳል በስተደቡብ ካለችው ከላንካስተር ወደብም ባሪያ ጫኝ መርከቦች ይነሡ ነበር። ባርነት በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች በሕግ መሻር የጀመረው በ1834 ነው፤ ዋይፐር ድስቱን የጣደው ከዚያ 35 ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ የሚንት ኬክ ስኳር የባሪያ ላብ ነው ማለቴ አይደለም። እንግሊዛዊው ስኳርን እንደ ጨው የዕለት ነገር ማድረግ የለመደው በማን ጀርባ እንደሆነ አንርሳ ማለቴ ነው።

ታዲያ ይህ የአንዲት ትንሽ ከተማ ከረሜላ እንዴት ስሙ ገነነ? በማስታወቂያ ገንዘብ ብዛት አይደለም፤ በእግረኛ ነው። እኛ ዘንድ መንገደኛ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ ወይም ጭኮ ይሰንቃል። ለምን ቢሉ ቶሎ አይበላሽም፣ አይከብድም፣ ጉልበት ይሰጣል። ሚንት ኬክም ለእንግሊዝ ተራራ ወጪ እንደዚሁ ስንቅ ሆነለት። እሳት አይፈልግ፣ ውሃ አይፈልግ፤ ከኪስ አውጥቶ ቆርሶ መጉረስ ነው። ቱሪስቱ ወደ ሐይቆቹ ሲሄድ ከኬንዳል ይገዛል፤ ሲመለስ ለወዳጁ ይተርካል። የዋይፐር ቤት ከረሜላውን ከ1914 እስከ 1917 ድረስ ለቆየው ለሻክልተን የአንታርክቲክ ጉዞ አቀረበ። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ከረሜላው የሚታወቀው በጣዕሙ ብቻ ሳይሆን በደረሰበት ቦታ ርቀት ጭምር ሆነ።

ትልቁ ቀን የመጣው በ1953 ነው። በዚያን ጊዜ በኬንዳል ሮምኒ የሚባል ሌላ ሚንት ኬክ ሠሪ ነበር፤ ሳም ክላርክ የተባለ የጣፋጭ ነጋዴ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ጋር ያቋቋመው ነው። ወደ ኤቨረስት ተራራ የሚዘምተው የእንግሊዝ ቡድን ለሮምኒ መልእክት ላከ፤ «በ7 ቀን ውስጥ ሚንት ኬክ ልታቀርቡልን ትችላላችሁ?» ሲል ጠየቀ። ችግሩ ምን መሰላችሁ? በእንግሊዝ ጣፋጭ ከ1942 ጀምሮ በራሽን ነበር፤ ነጻ የተለቀቀው ገና በፌብሩዋሪ 1953 ነው። በኩፖን ስኳር መውሰድ ምን እንደሆነ ለአገራችን አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። የድርጅቱ የራሱ ታሪክ እንደሚለው ሕጉ እንዲሟላ የሮምኒ ሠራተኞች የየግላቸውን የጣፋጭ ኩፖን ሰጡ። አስቡት እንግዲህ፤ ቀኑን ሙሉ ስኳር የሚያማስሉት ሰዎች ለራሳቸው የተመደበችውን ቁራሽ ለማያውቁት ተራራ ወጪ ለቀቁለት። ከረሜላው ወደ ሂማላያ የሄደው በነሱ ኩፖን ነው።

ከዚያስ ማን ተሸከመው? ዘመቻው ከ400 በላይ ሰዎች ነበሩበት። ከነዚህ መካከል 362ቱ ተሸካሚዎች፣ 20ው ደግሞ ሼርፓ መሪዎች ናቸው። ጓዙ 10,000 ፓውንድ፣ ማለትም 4,500 ኪሎ ያህል ነበር። ካትማንዱ በደረሱ ጊዜ እንግሊዞቹ በኤምባሲያቸው በደኅና ክፍል ሲያድሩ፣ ሼርፓዎቹ ድሮ የፈረስ በረት በነበረ ጋራዥ ወለል ላይ እንዲተኙ ተደረገ። መጸዳጃ አልነበረውም። በማግሥቱ ጠዋት ሼርፓዎቹ ከጋራዡ ፊት ለፊት መንገዱ ላይ ተሰልፈው ሽንታቸውን ሸኑበት። ተቃውሟቸውን የገለጡት በዚህ መንገድ ነው። ይህ ነገር በከረሜላ መጠቅለያ ላይ አይጻፍም፤ ታሪክ ግን ነው።

ሜይ 29 ቀን 1953 ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለት ሰዎች ከዓለም ጫፍ ደረሱ። አንዱ የኒውዚላንዱ ንብ አርቢ ኤድመንድ ሂላሪ፣ ሁለተኛው ቀደም ሲል ስድስት ጊዜ ወደዚሁ ተራራ የዘመተው ሼርፓው ቴንዚንግ ኖርጌይ ነው። እዚያ የቆዩት 15 ደቂቃ ያህል ነው። ሁለቱም እዚያው ላይ ሚንት ኬክ እንደቀመሱ ይነገራል። ሂላሪ ካሜራውን አወጣ፤ ቴንዚንግም ባንዲራዎች የታሰሩበትን የበረዶ መጥረቢያ ከፍ አድርጎ ቆመ። ዛሬም ዓለም የሚያውቃት ፎቶግራፍ ይህች ናት። የሂላሪ ፎቶግራፍ ግን ከዚያ ጫፍ ላይ የለም።

ለምን? ሁለት ምስክርነት አለን፤ አይስማሙም። ሂላሪ እንደጻፈው፣ ቴንዚንግ እሱ እስከሚያውቀው ድረስ ፎቶግራፍ አንሥቶ የማያውቅ ስለሆነ የኤቨረስት ጫፍ ደግሞ ካሜራ ማስተማሪያ ቦታ አልነበረም። ቴንዚንግ በሕይወት ታሪኩ እንደተረከው ግን «ላንሣህ» ብሎ በእጁ ምልክት ቢሰጠው ሂላሪ ራሱን ነቅንቆ እምቢ አለ። ማን ትክክል ነው ብሎ መፍረድ የኔ ድርሻ አይደለም። ከዚህ የምንማረው፣ ፎቶግራፍ ራሱን በራሱ የማይናገር መሆኑን ነው። በሥዕሉ ውስጥ ያለው ሰው አንድ ነው፤ ከካሜራው ኋላ ያለው ሌላ ነው፤ ሁለቱንም ለዚያ ያደረሷቸው 362 ሰዎች ደግሞ ጨርሶ አይታዩም።

ቴንዚንግ ከዚህ ሌላ አንድ ሥራ ሠራ። በረዶውን ትንሽ ጫር አድርጎ ከረሜላና ሌላም የሚበላ ነገር፣ ልጁ የሰጠችውንም ቀይና ሰማያዊ እርሳስ ቀበረ። ለተራራው አማልክት ያቀረበው መባ ነው። እስቲ ይህን ከማስታወቂያው ጋር አስተያዩት። በዚያው ቀን፣ በዚያው ጫፍ፣ ከረሜላ ሁለት ትርጉም አገኘ። ለቴንዚንግ ከረሜላ የሚሰጥ ነገር ነው፤ ከበረዶ በታች ይቀራል፤ ማንም እንዲያይለት አይፈልግም። ለሻጩ ግን ከረሜላ የሚታይ ነገር ነው። ወሬው ለሕዝብ የተነገረው የንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ በተጫነበት በጁን 2 ቀን ሲሆን፣ አገሩ በሁለት ደስታ ሰከረ። የሮምኒ መጠቅለያም የዘመቻውን አባላት ምስክርነት ይዞ ወጣ። ፍሬ ነገሩ በዚያ ከፍታ ከነበረን ስንቅ ሁሉ ይህን ወደድን፣ ቅሬታችን ማነሱ ብቻ ነው የሚል ነው። ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ በምን ገንዘብ ይገዛል? ሂላሪና የቡድኑ መሪ ጆን ሃንት «ሰር» ተባሉ። ቴንዚንግ የጆርጅ ሜዳሊያ ተሸለመ። ኩፖናቸውን የሰጡት ሠራተኞች ግን ስማቸው መጠቅለያው ላይ አልወጣም።

አሁን ወደ ውድድሩ እንመለስ። ሂላሪ ያቺን ፎቶግራፍ ያነሣባት ካሜራ ኮዳክ ሬቲና የምትባል ናት። መንገደኛው ሁሉ ፎቶግራፍ አንሺ እንዲሆን ያደረገው ይኸው ኮዳክ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። በ1888 ፊልሙ ተጎርሶባት የምትሸጥ፣ 100 ፎቶግራፍ ሲያልቅ ከነፊልሟ ለፋብሪካው የምትላክ ካሜራ አወጣ። በ1900 ደግሞ ብራውኒ የምትባለውን በአንድ ዶላር ሸጠ። ካሜራ መሸጥ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ገዢው ፊልም እየገዛ እንዲያነሣ ምክንያት ያስፈልገዋል። ምክንያቱም ሁለት ሆነ፤ ጉዞና ውድድር። ኮዳክ ያለ ካሜራ የሚደረግ የዕረፍት ጉዞ የባከነ ነው እያለ ሰበከ። በ1931፣ ዓለም በኢኮኖሚ ቀውስ ተይዞ ሥራ ፈቱ በየጎዳናው በሚንከራተትበት ዓመት፣ የሽልማቱ ድምር 100,000 ዶላር የሆነ ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ ውድድር አወጀ። ላሸነፈው ትልቅ ነገር ነው። ላላሸነፈውስ? እሱም ፊልም ገዝቷል፣ አሳጥቧል፣ ልኳል። በውድድር የሚያሸንፉት ጥቂቶች ሲሆኑ የሚከፍሉት ግን ሁሉም ናቸው ማለት ይህ ነው።

ይህን ዘዴ ዛሬ ከረሜላ ሻጩም፣ ብስኩት ሻጩም፣ ለስላሳ መጠጥ ሻጩም ይዞታል። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ሻጭ የፎቶግራፍ ባለሙያ ቀጥሮ ወደ ሃያ አገር ቢልክ ይከስራል። ደንበኞቹ ግን በራሳቸው ትኬት፣ በራሳቸው ካሜራ፣ በዕረፍት ቀናቸው ሃያ አገር ይሄዱለታል። የውድድሩም ደንብ ብዙ ጊዜ ከታች በትናንሽ ፊደል የተላከው ፎቶግራፍ ሁሉ ለማስታወቂያ እንዲውል ላኪው እንደፈቀደ ይቆጠራል ይላል። ሽልማቱ የአንድ ሰው ነው፤ ፎቶግራፉ ግን የሁሉም ተወሰደ። ይህን እኔ ደመወዝ የሌለው ሥራ እለዋለሁ።

እዚህ ላይ አንዳንድ ጓደኞቼ «አታጋን! ማንም ማንንም አላስገደደም፤ ሰዎቹ ተደስተው ነው የላኩት» ይሉኛል። ክርክሩ ክብደት አለው። በተለይም ትንሹን ሻጭ ከትልቁ ከበርቴ ጋር በአንድ ሙቀጫ መውቀጥ አይገባም። የኬንዳል ከረሜላ ሠሪ ኮዳክ አይደለም። በትልልቆቹ የቸኮላት ኩባንያዎች ማስታወቂያ መካከል ድምፁ እንዲሰማ የደንበኛው አፍና እግር ካልረዳው በቀር ሌላ መሣሪያ የለውም። ደንበኛውም ቢሆን የአገሩን ከረሜላ ይዞ በሩቅ አገር መቆሙ ኩራት ነው፤ የአገር ልጅ የአገሩን ነገር ሲያስተዋውቅ ደስ ይለዋል። ይህን ደስታ ብዝበዛ ነው ብሎ መኮነን ሰውን አለማወቅ ይሆናል።

ነገር ግን ደስታ መኖሩ ሒሳቡን አያስቀርም። የሮምኒም ሠራተኞች ኩፖናቸውን በደስታ እንደሰጡ ነው የሚተረከው። ሼርፓዎቹም በተራራቸው ይኮራሉ። ጥያቄው ተደስተዋል ወይ አይደለም፤ ውለታቸው የት ተጻፈ ነው። ሻጩ ከልቡ ደንበኛውን የሚያከብር ከሆነ የሚደረገው ነገር ከባድ አይደለም። ፎቶግራፉን ያነሣውን ሰው ስም ከሥሩ ይጻፍ፤ ለማስታወቂያ ሲፈልገው አስፈቅዶ ዋጋውን ይክፈል፤ ያላሸነፈውን ፎቶግራፍ ለባለቤቱ ይመልስ፤ በሥዕሉ ላይ ጓዙን የያዘው መንገድ መሪ ወይም ተሸካሚ ካለም እሱም በስሙ ይጠራ። ይህ ሁሉ ከአንድ ካርቶን ከረሜላ ብዙም የሚበልጥ ወጪ የለውም።

ለእኛ ለተማሪዎች ደግሞ ሌላ ተግባር አለን። የነገው የታሪክ ጸሐፊ የዛሬዎቹን የጉዞ ፎቶግራፎች እንደ ሰነድ ያነባቸዋል። እኛም ከወዲሁ ማንበብ እንልመድ። ተራራ ላይ ቆሞ የከረሜላ መጠቅለያ ከፍ ያደረገ ፈገግተኛ ሰው ስናይ፣ ካሜራውን ማን ያዘ? ጓዙን ማን አወጣው? ስኳሩን ማን አማሰለው? ትርፉስ ለማን ገባ? ብለን እንጠይቅ። አራቱንም ጥያቄ የሚመልስ ፎቶግራፍ አይገኝም፤ ስለዚህ ቀሪውን ፈልጎ መጻፍ የኛ ሥራ ነው።