በፓይተን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የዝርዝር አጠቃቀም

ዝርዝር ወይም ሊስት በፓይተን ቋንቋ በርካታ መረጃዎችን በአንድ ስም ሥር በቅደም ተከተል ለመያዝ የሚያገለግል የመረጃ ዓይነት ነው። ቋንቋውን ያዘጋጀው ኔዘርላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም ሲሆን፣ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። የተገልጋዮች ተራም ሆነ የአመልካቾች ስም በዚህ መልክ ሊያዝ ይችላል። በአያያዙ ላይ የሚፈጠር ጥቂት ስህተት የባለጉዳይን ስም ሊያስቀር ስለሚችል፣ መሠረታዊ አሠራሩን ማወቅ ይገባል።

አዘገጃጀት

ዝርዝር በአራት ማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ይጻፋል። አባላቱ የሚለዩት በእንግሊዝኛው ኮማ ነው፤ የአማርኛው ነጠላ ሰረዝ ተቀባይነት የለውም። በፓይተን 3 ለዝርዝሩ የሚሰጠው ስያሜ በግዕዝ ፊደል ሊጻፍ ይችላል። ለአራት ተገልጋዮች የተሰጠ ተራ እንደሚከተለው ይመዘገባል፦

ተራ = [101, 102, 103, 104]

ቆጠራው የሚጀምረው ከ0 ነው። ስለሆነም ተራ[0] 101ን፣ ተራ[1] 102ን፣ ተራ[-1] ደግሞ የመጨረሻውን 104ን ያመለክታል። ተራ[4] ተብሎ ቢጠየቅ አምስተኛ አባል ስለሌለ ፕሮግራሙ የስህተት መልእክት ያሳያል። አዲስ ተገልጋይ በመጨረሻ ለመጨመር የሚከተለው ይጻፋል፦

ተራ += [105]

ቅጂ ማዘጋጀት

ቅጂ = ተራ ተብሎ ሲጻፍ ሁለተኛ ዝርዝር አይፈጠርም፤ ለአንዱ ዝርዝር ሁለት ስያሜ ይሰጠዋል እንጂ። በመሆኑም በቅጂው ላይ የተሰረዘ ቁጥር ከዋናውም ይጠፋል። ራሱን የቻለ ቅጂ የሚገኘው እንዲህ ሲጻፍ ነው፦

ቅጂ = ተራ[:]

ስረዛ

ፕሮግራሙ አባላቱን በየተራ እየተመለከተ በዚያው ዝርዝር ላይ ስረዛ ማካሄድ የለበትም። የ102 እና የ103 ማስረጃ አልተሟላም እንበል። 102 ሲሰረዝ 103 ወደ ቦታው ይጠጋል፤ ፕሮግራሙ ግን ወደ ቀጣዩ ቦታ ስለሚያልፍ 103ን ሳይመለከት ይቀራል። በዚህም ማስረጃው ያልተሟላ አመልካች እንደተሟላለት ተቆጥሮ ያልፋል። ትክክለኛው አሠራር መስፈርቱን ያሟሉትን ብቻ ወደ አዲስ ዝርዝር ማስገባት ነው።

የአማርኛ ስሞች

ፓይተን ፊደላትን የሚያነጻጽረው በዩኒኮድ መለያ ቁጥራቸው እንጂ በድምፃቸው አይደለም። በዚህም ምክንያት «ሰላም» እና «ሠላም»፣ «ሀይሉ» እና «ኃይሉ» ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ስሞች ናቸው። በ«ኃ» የተመዘገበ ሰው በ«ሀ» ቢፈለግ በዝርዝሩ ውስጥ እያለ የለም የሚል ውጤት ይሰጣል። በፊደል ተራ ሲደረደሩም ሁለቱ ተራርቀው ሊቀመጡ ይችላሉ። መፍትሔው ሞክሼ ፊደላትን ለፍለጋና ለድርደራ ብቻ ወደ አንድ መልክ ማምጣትና ባለቤቱ የጻፈውን ስም እንደነበረ መጠበቅ ነው።

ከማስታወቂያ በፊት

ዝርዝር በማስታወቂያ ሰሌዳ ከመለጠፉ በፊት የተቀበሉትና የተሰረዙት ድምር ከመነሻው የአመልካቾች ብዛት ጋር እኩል መሆኑ ሊረጋገጥ ይገባል። ስሙን ያላገኘ ባለጉዳይም በሌላው ሞክሼ ፊደል እንዲፈለግለት መጠየቅ ይችላል።