ምጣዱን ማን ሠራው?

ክርያት ያም ውስጥ ሐሙስ ማታ ወይም ዓርብ ጠዋት የሺኩን ደረጃ የወጣ ሰው፣ እንጀራ የሚጋገርበትን ቤት በሽታው ያውቀዋል። ምጣዱ ሚርፔሴት ላይ ተሰክቷል። እዚህ ያደግነው ልጆች እንደ ማንኛውም የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው የምናየው። እስቲ ግን ልብ ብላችሁ እዩት።

ምጣድ ጠርዝ የለውም። ለምን? ሰፌዱ ከእንጀራው ሥር ሾልኮ እንዲገባ ነው። እንጀራ አይገለበጥም፤ ላዩን የሚያበስለው አክንባሎው ያፈነው እንፋሎት ነው። ሸክላው ሙቀቱን ይዞ እኩል ስለሚሰጥ ሊጡ ሳያር ዓይን ያወጣል። አዲስ ምጣድ ደግሞ በተፈጨ ጎመን ዘር ይሟሻል፤ ቅባቱ ሸክላው ውስጥ ይገባና እንጀራው አይጣበቅም። ቴፍሎን ሳይመጣ በፊት ማለት ነው።

ይህን ያለ መንኮራኩር፣ በእጃቸው ብቻ ሲሠሩ ከኖሩት መካከል የቤተ እስራኤል ሴቶች አሉ። ከጎንደር በስተሰሜን ያለችው ወለቃ በዚሁ ትታወቃለች። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጡ፣ ሸማ ይሠሩ ነበር። ወደዚህ ሙያ የገፋቸው የመሬት ጉዳይ ነው። በትውፊት እንደሚባለው አፄ ይስሐቅ (1414–1429 እ.ኤ.አ.) ድል ካደረጋቸው በኋላ ያልተጠመቀ ርስት እንዳይወርስ አዘዘ። የታሪክ ተመራማሪዎች ግን ነገሩ በአንድ አዋጅ ያለቀ ሳይሆን ለብዙ ዘመን የተጓተተ ነው ይላሉ፤ እኔንም የሚያሳምነኝ ይኸኛው ነው። ያም ሆነ ይህ ርስት የሌለው በእጁ ያድራል።

ጎረቤቱ ደግሞ ጭቃና ብረት በእሳት የሚለውጠውን እጅ ይፈራል። «ቡዳ» ይላቸዋል፣ ማታ ጅብ ይሆናሉ ይላል። ጠዋት ገበያ ወጥቶ ምጣድ የሚገዛው ግን ከእነሱው ነው! እንጀራውንም በዚያው ምጣድ ጋግሮ ይበላል።

እ.ኤ.አ. በሜይ 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ወደ እስራኤል መጣ። ሸክላ ሠሪዎቹም መጡ፤ ብዙዎቹ ግን እዚህ በሙያቸው አላደሩም። ምጣዱ ሥር ቦይ ተቆፍሮለት የኤሌክትሪክ ሽቦ ተቀበረበት። ጭሱ ቀረ፣ እሳት ላይ ማጎንበስ ቀረ፤ ለእናቶቻችን ዓይንና ወገብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቅርጹ ግን ያው ነው።

አያቴ አዲስ ምጣድ ልትገዛ ሱቅ ስንሄድ በጣቷ አንኳኳችው። ሻጩ ሳቀና «ሳፍታ፣ ይሄ እኮ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው» አላት።

«አውቃለሁ ልጄ» አለችው። «የምሰማው ሸክላውን ነው። ከተሰነጠቀ ድምፁ ይለያል።»