የቤተሰብ ዲቪዲዎችን ወደ ኮምፒውተር ለማዛወር የትኛውን ፕሮግራም እንምረጥ?

በብዙዎቻችን ቤት በቁም ሳጥን ውስጥ ወይም በቴሌቪዥን ማስቀመጫ ሥር የተደረደሩ ዲቪዲዎች አሉ። የሰርግ ነው፣ የባር ሚጽቫ ነው፣ የሲግድ በዓል ነው፤ አንዳንዱም ከጎንደር በኩል ከዘመድ የመጣ ነው። ብዙዎቹ መጀመሪያ በቪዲዮ ካሴት ተቀርጸው በኋላ ወደ ዲቪዲ የተገለበጡ ናቸው። ካሴቱ ተጥሏል፤ የቀረው ዲስኩ ብቻ ነው። በዚያ ዲስክ ውስጥ ዛሬ በሕይወት የሌሉ አያቶች ሲመርቁ፣ ቄሶች ሲጸልዩ እናያለን። ስለዚህ የፕሮግራም ምርጫው ቀላል ጉዳይ መስሎ ቢታይም የሚያድነው ነገር ትልቅ ነው።

ለምን አሁን?

በቤት ወይም በፎቶ ቤት የተቀረጸ ዲቪዲ በፋብሪካ ከታተመ የፊልም ዲስክ ይለያል። ምስሉና ድምፁ የተያዘው በስስ የቀለም ሽፋን ላይ ነው። ይህ ሽፋን በፀሐይ፣ በሙቀትና በጊዜ ብዛት ይበላሻል። ዲስኩ ከላይ ሲታይ ደህና ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ሲከፈት ይቆራረጣል፣ ወይም ጭራሽ አይነበብም። በተጨማሪ አብዛኞቹ አዳዲስ ኮምፒውተሮች የዲስክ ማንበቢያ የላቸውም። ስለዚህ በዩ ኤስ ቢ የሚሰካ የዲቪዲ ማንበቢያ መግዛት ወይም ከጎረቤት መዋስ ያስፈልጋል።

ሁለት የተለያዩ ሥራዎች

ፕሮግራም ከመምረጣችን በፊት ሁለት ሥራዎችን እንለይ።

1. መገልበጥ፦ ዲስኩ ላይ ያለውን እንዳለ ወደ ኮምፒውተር መውሰድ ነው። ጥራቱ አይቀንስም። በቤት የተቀረጸ ዲስክ ቁልፍ ስለሌለው ለዚህ ሥራ ምንም ፕሮግራም ላያስፈልግ ይችላል። ዲስኩን ከፍተው «ቪዲዮ ቲ ኤስ» የሚባለውን ፎልደር በሙሉ ወደ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ይበቃል። አንድ ተራ ዲቪዲ እስከ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል። ስለዚህ አንድ ሺህ ጊጋባይት የሚይዝ የውጭ ሃርድ ዲስክ ወደ ሁለት መቶ ዲቪዲዎች ያስቀምጣል።

2. መለወጥ፦ ፊልሙን ጨምቆ በስልክና በቴሌቪዥን በቀላሉ ወደሚከፈት ኤም ፒ 4 ፋይል ማድረግ ነው። ፋይሉ በጣም ያንሳል፤ ጥራቱም በጥቂቱ ይቀንሳል።

ምክራችን ሁልጊዜ መጀመሪያ መገልበጥ፣ ከዚያ መለወጥ ነው። ሲለወጥ ስህተት ቢፈጠር ከተገለበጠው እንደገና መጀመር ይቻላል።

የትኛው ፕሮግራም ለየትኛው ሥራ?

ቪ ኤል ሲ፦ ነፃ ነው። ዲስኩን ወይም የተገለበጠውን ፎልደር ከፍቶ ለማየትና ለማረጋገጥ ይጠቅማል። መለወጥም ይችላል፤ ግን ለዚህ ሥራ የተሻለ አለ።

ሃንድብሬክ፦ ለመለወጥ የምንመርጠው ይህንን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የሚሠራበት፣ ሙሉ በሙሉ ነፃ የሆነ ፕሮግራም ነው። በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል። ገንዘብ የሚጠይቅ «ሃንድብሬክ» ካጋጠማችሁ እውነተኛው አይደለም። የተቆለፈ ዲስክ በራሱ አይከፍትም፤ ለቤተሰብ ዲስክ ግን ይህ ችግር አይሆንም።

ሜክ ኤም ኬ ቪ፦ ፊልሙን ሳይጨምቅ ወደ አንድ ትልቅ ፋይል ይሰበስባል። ጥራቱ ምንም እንዳይነካ ለሚፈልግ ሰው ጥሩ ነው።

ዲቪዲ ዲክሪፕተር እና ዲቪዲ ሽሪንክ፦ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዝነኞች ነበሩ። የመጀመሪያው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2005 ቆሟል፤ ሁለተኛውም ከረጅም ዓመታት ወዲህ አልታደሰም። ዛሬ በእነዚህ ስሞች የሚቀርብ ነገር ሁሉ የታመነ ስላልሆነ ባትነኩት ይሻላል።

በሃንድብሬክ ስትሠሩ

ሀ. ፎልደሩን ምረጡ፤ ከውስጡ አንድ ፋይል ብቻ አትምረጡ። ዲቪዲ ረጅም ፊልምን እያንዳንዳቸው ከአንድ ጊጋባይት በማይበልጡ ፋይሎች ይከፋፍላል። አንዱን ብቻ ከመረጣችሁ ሰርጉ መሃል ላይ ይቆረጣል።

ለ. «ታይትል» በሚለው ዝርዝር ውስጥ ያሉትን ሁሉ ተመልከቱ። የሙሽሮች መግቢያ በአንዱ፣ ጭፈራው በሌላው ሊሆን ይችላል።

ሐ. በእስራኤልና በኢትዮጵያ የተቀረጹ ፊልሞች በአብዛኛው ፓል በሚባለው ሥርዓት ናቸው፤ ለእነርሱ «ፋስት 576ፒ 25» የሚለውን ምረጡ። ከአሜሪካ ዘመድ የመጣ ከሆነ «ፋስት 480ፒ 30» ይስማማዋል። ከዚህ በላይ ማሳደግ ፋይሉን ያከብደዋል እንጂ ምስሉን አያጠራውም።

መ. የጥራት ቁጥሩን 20 አካባቢ አድርጉ። እዚህ ላይ ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል።

ሠ. ሰው ሲንቀሳቀስ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያሉ መስመሮች ከታዩ በፊልተር ክፍል «ዲኮምብ» የሚለውን አብሩ።

መጠንቀቅ ያለብን

ኮምፒውተሩ «ዲስኩ ባዶ ነው፣ ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ከጠየቀ እሺ አትበሉ። በቤት መቅረጫ የተቀዳ ዲስክ የመዝጊያ ሥራ ካልተሠራለት ባዶ መስሎ ይታያል። በቀዳው መሣሪያ ውስጥ መልሶ አስገብቶ መዝጋት ያስፈልጋል።

ኮምፒውተሩ የሪጅን ቁጥር ቀይሩ ካለ አትቸኩሉ። በሱቅ ለሚሸጡ ፊልሞች እስራኤል ሪጅን 2፣ ኢትዮጵያ ሪጅን 5 ናቸው። የኮምፒውተር ማንበቢያ ቁጥሩን ለመቀየር የሚፈቅደው 5 ጊዜ ብቻ ነው። የቤት ዲስክ ሪጅን ስለሌለው መቀየር አያስፈልገውም።

ፕሮግራም የምታወርዱት ከአዘጋጆቹ ገጽ ብቻ ይሁን። እዚያም ቢሆን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ሃንድብሬክ ከሚወርድባቸው ሰርቨሮች አንዱ ተሰብሮ ለማክ የተዘጋጀው ቅጂ በቫይረስ ተተክቶ ነበር። ስለዚህ የኮምፒውተሩን መከላከያ አታጥፉ።

የሌላ ሰው ፊልምና ዘፈን ገልብጦ መሸጥ ክልክል ነው። የእስራኤል የቅጂ መብት ሕግ እ.ኤ.አ. በ2007 ወጥቶ ሥራዎቹን ይጠብቃል።

በመጨረሻም

ከተለወጠ በኋላ ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተመልከቱ። ሁለት ቅጂ አድርጉ፤ አንዱ በቤት፣ ሌላው በልጅ ወይም በወንድም ቤት ይቀመጥ። ዲስክ ኦን ኪ ለመውሰድና ለማሳየት እንጂ ለብቻው ማስቀመጫ እንዲሆን አንመክርም። የድሮውንም ዲስክ አትጣሉ።

ይህን ሥራ ከልጆቻችሁና ከልጅ ልጆቻችሁ ጋር ብትሠሩት ደግሞ ይመረጣል። እነርሱ ኮምፒውተሩን ያውቃሉ፤ በፊልሙ ውስጥ ያሉት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ግን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ስማቸውን፣ የመጡበትን መንደርና ዓመቱን አብራችሁ ጻፉ። ስም የሌለው ፊልም ከጊዜ በኋላ የማን እንደሆነ የሚያውቅ አይገኝም።