የሰሜን ባሕር መንገድና የውሳኔ ስሌት

በሳይቤርያ ሰሜናዊ ጠረፍ በኩል እስከ ቤሪንግ ወሽመጥ የሚዘልቀው የባሕር መንገድ፥ በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ተከፍቶ በቀረው ጊዜ በቁርና በአስሐትያ ይዘጋ ስለ ነበረ፥ በዚያ ወደብና ማዕድን ለማቋቋም የሚያስብ መንግሥት ሁሉ አስቀድሞ ሊመረምረው ይገባ የነበረው፥ ምን ያህል ሀብት ከምድሩ እንደሚወጣ ሳይሆን፥ በረዶው መቼና ወዴት እንደሚሄድ ነበር። የስዊድን ሊቅ ኖርደንሼልድ በቬጋ መርከብ መንገዱን ሲፈጽም፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) ከ1878 እስከ 1879 ድረስ በበረዶ ታስሮ መክረም ግድ ሆኖበታል።

ከማይታወቅ ነገር ላይ በስሌት የመወሰን ጥበብ በሩስያ መልካም ሆኖ የታየው፥ እንደ እኔ አስተያየት፥ በእቅድ መሥሪያ ቤት ሳይሆን በአንድ ሊቅ ጠረጴዛ ላይ ነው። በ1912 ቅድስት አና የምትባል የሩስያ መርከብ በካራ ባሕር በበረዶ ተይዛ ያለ ፈቃዷ ወደ ሰሜን ስትንሳፈፍ ከቆየች በኋላ፥ መኰንኗ አልባኖቭ በ1914 ከባልንጀሮቹ ጋራ በእግር ወጣ፤ ከእነርሱም በሕይወት የተረፉት እርሱና አንድ መርከበኛ ብቻ ሲሆኑ፥ የመርከቢቱን የጉዞ መዝገብ ግልባጭ ይዘው ነበር። ያ ሊቅ፥ ቭላዲሚር ቪዜ (እነዚህን ሁለት ሰዎች ባዳነችው መርከብ ላይ እርሱ ራሱ ነበረ) በ1924 መዝገቡን ከነፋሱ አቅጣጫ ጋራ እያስተያየ ሲመረምር፥ በ78ኛውና በ80ኛው ዲግሪ መካከል በረዶው ነፋስ እንደሚነዳው አለመሄዱን አስተዋለ። ይህም ሊሆን የሚችለው በስተ ምሥራቅ ያልታየ ምድር ቢኖር ነው ብሎ፥ የባሕረ ሐሳብ ሊቅ ጨረቃን ሳያይ ጾሙንና በዓሉን እንደሚያወጣ፥ እርሱም ደሴቱን ሳያይ ስፍራውን በካርታ ላይ አመለከተ። በ1930 ጌዎርጊ ሴዶቭ የተባለው በረዶ ሰባሪ መርከብ፥ ቪዜን አሳፍሮ ሲጓዝ ደሴቱን አገኘው፤ እስከ ዛሬም በቪዜ ስም ይጠራል።

የሶቪየት መንግሥት እቅድ ግን ይህን ያህል ትዕግሥት አልነበረውም። በ1932 ሲቢርያኮቭ የተባለው መርከብ፥ የመዘውሩ ዘንግ ተሰብሮበት የመጨረሻውን መንገድ በሸራ እየተጎተተም ቢሆን፥ መላውን ጉዞ ሳይከርም ፈጸመ፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር የሰሜን ባሕር መንገድ ዋና አስተዳደር በኦቶ ሽሚት አለቅነት ተቋቋመ። ለዚህ መሥሪያ ቤት መርከብና አውሮፕላን፥ ወደብና ማዕድን፥ የራዲዮ ጣቢያም ሳይቀር ተሰጠው። ቼልዩስኪን የተባለው መርከብ በ1934 ሰምጦ 104 ሰዎች በበረዶ ላይ ቢቀሩም፥ በአውሮፕላን መዳናቸው የመንግሥቱን ዝና ስላበዛው፥ ነገሩ ለእቅዱ ማስጠንቀቂያ ሳይሆን መመኪያ ሆነ። በ1937 ግን መርከቦች በብዛት፥ ከእነርሱም ጋራ በረዶ ሰባሪዎች ጭምር፥ በበረዶ ተያዙ፤ ያ ቀድሞ የቪዜን ደሴት ያገኘው ሴዶቭ 812 ቀን በበረዶ ተወስዶ የተለቀቀው በጥር 1940 ነው።

ለእቅዱ የጎደለው የስሌት ጥበብ ግን በዚያው ዘመን ተገኘ፤ በ1939 የሌኒንግራዱ የሒሳብ ሊቅ ሌዎኒድ ካንቶሮቪች፥ አንድ የእንጨት ፋብሪካ ድርጅት ባቀረበለት ጥያቄ ተነሥቶ፥ ውሱን መሣሪያና ዕቃ እንዴት ቢከፋፈል ከሁሉ የበለጠ ምርት እንደሚገኝ የሚያስረዳ ስሌት አሳተመ። ስሌቱ ለእያንዳንዱ ነገር፥ ለሰው ጉልበትም ጭምር፥ እውነተኛ ዋጋውን እንዲያወጡለት የሚያስገድድ ነበረና የጊዜው የኤኮኖሚ ሊቃውንት በጥርጣሬ አዩት፤ የኖቤል ሽልማት ያገኘበት በ1975 ነው።

እንዲህ ያለው ስሌት እንደ ተናቀ፥ በ1947 መንግሥት ከኦብ ወንዝ ባሕረ ሰላጤ ዳር ወደብ ይሠራ፥ ወደዚያም የባቡር ሐዲድ ይዘርጋ ብሎ አዘዘ። ጥናቱ ሳያልቅ እስረኞች ወደ ሥራው ተነዱ፤ በኋላ ውሃው ለትልልቅ መርከቦች የማይበቃ ጥልቀት እንዳለው ቢታወቅ፥ በ1949 ሐዲዱ ፊቱን ወደ ምሥራቅ መልሶ ከሳሌኻርድ እስከ ኢጋርካ እንዲሄድ ተወሰነ። ከሥር ዘወትር በበረዶ የረጋው መሬት በበጋ ላዩ ሲቀልጥ ሐዲዱን እየጠመዘዘ ሲያስቸግር፥ ድልድዩም ዕድሳት ሲፈልግ፥ ሥራው አልቆመም፤ የእስረኛው ጉልበት እውነተኛ ዋጋው አልተሰላም ነበርና። ስታሊን በመጋቢት 1953 ሞተ፤ በዚያው ወር ሥራው እንዲቆም ታዘዘ፥ ከሳሌኻርድ ተነሥቶ ኢጋርካ የደረሰ ባቡርም አልነበረም።