ስለ ዜጎች የሚሰበሰብ መረጃ፦ ማን ይይዘዋል፣ ማንስ ይጠየቅበታል?

በጉና ተራራ ዙሪያ፣ በደብረ ታቦር ከተማም ሆነ በፋርጣ፣ በጉና በጌምድርና በላይ ጋይንት ወረዳዎች፣ አንድ ሰው ሲም ካርድ ሲያወጣ፣ የባንክ ሒሳብ ሲከፍት ወይም የመሬት ይዞታ ደብተር ሲወስድ ስሙን፣ አድራሻውን፣ ፎቶግራፉንና ፊርማውን ይሰጣል። የፋይዳ መታወቂያ ሲመዘገብ ደግሞ የአሥር ጣቶቹ አሻራና የዓይኖቹ ምስል ይወሰዳል። አገልግሎቱን ማግኘት ስለሚፈልግ የተጠየቀውን ሁሉ ይሰጣል። መረጃው የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየውና ጥፋት ቢደርስ ማን እንደሚጠየቅ ግን ብዙ ጊዜ ሳያውቅ ይመለሳል።

በዚህ ምክንያት አዲስ ምዝገባ በመጣ ቁጥር «ለምን ፈለጉት?» የሚል ጥያቄ በገጠርም በከተማም ይነሣል። ጥያቄው ካለማወቅ ብቻ የመጣ አይደለም። የራሱ ታሪክ አለው፤ በሕግም መልስ ሊሰጠው የሚገባ ነው።

የጥርጣሬው ሥር

የአማራ ገበሬ ከመንግሥት መዝገብ ጋር ያለው ግንኙነት በመሬት የተጀመረ ነው። በ1960 ዓ.ም. የግብርና ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ የጎጃም ገበሬዎች መሬታችን ከተለካ ርስታችን ይነጠቃል በሚል ሥጋት ዐመፁ። መንግሥት በጦር ኃይል ዐመፁን ለማፈን ቢሞክርም በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱን እንደራሴ አንሥቶ ውዝፍ ግብር ለመማር ተገዷል። ገበሬዎቹ የፈሩት ከግብሩ መጠን ይልቅ ልኬቱን ነበር። የተለካና የተጻፈ ነገር አንድ ቀን ባለቤቱን ሊጎዳ ይችላል ብለው አምነዋልና።

ሁለተኛው ትምህርት የመጣው በ1989 ዓ.ም. በክልሉ በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ነው። በተለይ በጎጃም አካባቢዎች ገበሬዎች በየቀበሌው በዝርዝር ተመዘገቡ። በደርግ ዘመን የቀበሌ ገበሬ ማኅበር ሹም የነበሩት «ቢሮክራሲ»፣ ሌሎች ደግሞ «የፊውዳል ቅሪት» ተብለው ተፈረጁ። በቢሮክራሲነት የተፈረጁት ከሌላው ያነሰ መሬት ብቻ እንዲይዙ ተደረገ። አንድ ሰው በየትኛው ዝርዝር ውስጥ እንደገባ የሚያርሰውን መሬት ስፋት ወሰነ። ያን ጊዜ ያየ ገበሬ ዛሬ ስሙን ሲጠየቅ ቢያመነታ አይፈረድበትም።

በአንጻሩ ምዝገባ የጠቀመበት ጊዜም አለ። ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በክልሉ የተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር የባልንም የሚስትንም ስምና ፎቶግራፍ የያዘ በመሆኑ ሚስት በፍቺ ወይም በባል ሞት ጊዜ ይዞታዋን የምታስከብርበት ማስረጃ ሆኗል። ልዩነቱ ግልጽ ነው። ደብተሩ በገበሬው እጅ ይቀመጣል፤ የተጻፈበትን አይቶ ወይም አስነብቦ ስሕተት ካለ ሊከራከርበት ይችላል። የፍረጃው ዝርዝር ግን በሹሞች እጅ ነበር።

ስልክና ስለላ

ጥርጣሬው ከመሬት ወደ ስልክ የተሻገረው ባለፉት ሃያ ዓመታት ነው። የሞባይል ስልክ ተጠቃሚ በደወለ ቁጥር በአገልግሎት ሰጪው ዘንድ መዝገብ ይፈጠራል። ማን ለማን፣ መቼ፣ ለስንት ደቂቃ፣ በየትኛው የኔትወርክ ማማ በኩል እንደደወለ ይጻፋል። ይህ መዝገብ ሒሳብ ለማስላት ያስፈልጋል። በዚያው ልክ ሰውየው በየትኛው ቀን የት እንደነበረና ከማን ጋር እንደሚቀራረብ ያሳያል።

በ2006 ዓ.ም. ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው የመብት ተሟጋች ድርጅት ከ100 በላይ ቃለ መጠይቆችን መሠረት አድርጎ ባወጣው ሪፖርት፣ በወቅቱ የኢትዮጵያ የጸጥታ አካላት የስልክ መዝገቦችን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ያገኙ እንደነበርና የተቀዱ ንግግሮች በምርመራ ጊዜ ለተያዙ ሰዎች ይሰሙ እንደነበር ገልጿል። የቴሌኮም ሥርዓቱን መሣሪያ ያቀረበው የቻይናው ዜድቲኢ ኩባንያ መሆኑንም ዘርዝሯል።

በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲትዝን ላብ የምርምር ማእከል ደግሞ በውጭ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ላይ ያነጣጠሩ የስለላ ሶፍትዌሮችን በተከታታይ አጋልጧል። በ2005 ዓ.ም. ፊንፊሸር የተባለውን፣ በ2006 ዓ.ም. የጣሊያኑን ሃኪንግ ቲም ምርት በኢሳት ጋዜጠኞች ላይ፣ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የእስራኤሉን ሳይበርቢት ሥራ ይፋ አድርጓል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የሃኪንግ ቲም የውስጥ ሰነዶች ተጠልፈው ሲወጡ ከደንበኞቹ አንዱ የኢትዮጵያ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ተቋም እንደነበር ታየ።

በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ «ኪዳኔ» በሚል የብዕር ስም ኮምፒውተሬ ተጠልፏል ሲል በ2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያን መንግሥት በዋሽንግተን ፍርድ ቤት ከሰሰ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2009 ዓ.ም. የሰጠው ውሳኔ ስለላው ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም የሚለውን አልመረመረም። ድርጊቱ በሙሉ በአሜሪካ ምድር ያልተፈጸመ በመሆኑ የውጭ መንግሥት ያለመከሰስ መብት አለው ብሎ መዝገቡን ዘጋ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው የአበው አነጋገር በሩቅ አገርም ሠራ።

በቅርቡም የሞባይል ኢንተርኔት በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለአንድ ዓመት ገደማ ተቋርጦ ቆይቷል። ነጋዴው ዋጋ ሳያጣራ ሲገዛ፣ ተማሪው ያለ መማሪያ ሲቀመጥ፣ ቤተሰብ ከውጭ ዘመዱ ሲቆራረጥ፣ ብዙዎች መስመሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ማን እንደሆነ አሰቡ።

የኩባንያዎች ድርሻ

የዜጎችን መረጃ የሚይዘው መንግሥት ብቻ አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 በጀት ዓመት ማብቂያ ከ80 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች እንዳሉት፣ በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብርም ከ50 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚዎች እንዳሉት አሳውቋል። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መስከረም ወር አገልግሎቱን በይፋ ጀምሮ በዚያው ዓመት መጨረሻ ኤምፔሳን አስከትሏል።

በገንዘብ ዝውውር የሚፈጠረው መረጃ ከስልክ ጥሪው መዝገብ ይበልጥ ጥልቅ ነው። ገበሬው ድንቹን ለማን በስንት እንደሸጠ፣ ለማዳበሪያ ምን ያህል እንደከፈለ፣ የትኛው ልጁ ገንዘብ እንደሚልክለት ያሳያል። በቴሌብር በኩል ያለ ማስያዣ የሚሰጠው አነስተኛ ብድር መጠኑ የሚወሰነው ከተጠቃሚው የቀደመ እንቅስቃሴ በመነሣት ነው። ይህ ጥቅም አለው፤ ንብረት የሌለው ሰው ብድር ያገኛል። ይሁን እንጂ ብድር የተከለከለ ሰው ለምን እንደተከለከለ የሚነግረው የብድር ኮሚቴ የለም፤ ውሳኔው ከማሽን የመጣ ነው።

በገጠር ያለው ትልቁ አደጋ ግን ከሩቅ ኩባንያ አይመጣም። ማንበብ የማይችሉ አዛውንቶች የሚስጥር ቁጥራቸውን ለወኪል፣ ለጎረቤት ወይም ለልጅ አውጥተው ይሰጣሉ። ሲም ካርድ በአንድ ሰው ስም ወጥቶ ሌላ ሰው የሚጠቀምበት ጊዜም አለ። በዚህ መንገድ ጥፋት ሲደርስ በመዝገብ ላይ ስሙ ያለው ሰው ቀድሞ ይጠየቃል።

ፋይዳ ምንድን ነው?

ፋይዳ በኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተመሠረተ የመታወቂያ ሥርዓት ነው። ለእያንዳንዱ ተመዝጋቢ 12 አኃዝ ያለው መለያ ቁጥር ይሰጣል። ምዝገባው በነጻ ሲሆን የካርድ ኅትመት ግን ያስከፍላል። በብዙ አካባቢ የቀበሌ መታወቂያ የባለቤቱን ብሔር ይጽፍ የነበረ ሲሆን ፋይዳ ግን ብሔርን አይጠይቅም። ይህ በብሔር ምክንያት ሰው በየኬላው በሚጉላላበት አገር ቀላል ነገር አይደለም። የዓለም ባንክ በ2016 ዓ.ም. ለሥራው 350 ሚሊዮን ዶላር አጽድቋል። በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አዲስ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳ ግዴታ ሆኗል፤ ግዴታው ደረጃ በደረጃ ወደ ሌሎች አካባቢዎች እንዲሰፋም በወቅቱ ታቅዶ ነበር።

የሌሎች አገሮች ልምድ ሁለት ነገር ያስተምራል። የመጀመሪያው የሕግ ነው። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 እ.ኤ.አ. የግል ሕይወት መከበር መሠረታዊ መብት ነው ሲል ወሰነ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ የግል ኩባንያዎች አድሃር የተባለውን መታወቂያ በግዴታ እንዳይጠይቁ ከለከለ። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2021 እ.ኤ.አ. ሁዱማ ናምባ የተባለው መታወቂያ በግል መረጃ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አስቀድሞ ሳይጠና መሰጠቱ ሕገ ወጥ ነው ብሏል። ሁለተኛው የጣት ነው። በህንድ በእጃቸው ሠርተው የሚያድሩ ሰዎችና አረጋውያን አሻራቸው ስለተፋቀ ማሽኑ ሳያውቃቸው ሲቀር ራሽን ያጡበት ጊዜ ነበር። በማረሻና በዶማ የኖረ የጉና ገበሬ ጣትም ከዚህ የተለየ አይደለም። ስለዚህ አሻራ ባይነበብ አገልግሎቱ በሌላ መንገድ መሰጠት ይኖርበታል።

ሕጉ ምን ይላል?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ማንኛውም ሰው የግል ሕይወቱ የመከበር መብት እንዳለው፣ በፖስታ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች የሚያደርጋቸው ግንኙነቶችም እንደማይደፈሩ ይደነግጋል። መብቱ ሊገደብ የሚችለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና በዝርዝር ሕግ ብቻ ነው። አንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ባለሥልጣንም ተጠያቂ እንደሚሆን ያዝዛል።

ይህን በሥራ የሚተረጉመው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ወር በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል። በአዋጁ መሠረት ሰው ስለ ራሱ ምን እንደተያዘ የማወቅ፣ ስሕተቱን የማሳረም፣ ያለ አግባብ የተያዘውን የማሰረዝና በማሽን ብቻ የተሰጠ ውሳኔን የመቃወም መብት አለው። የጣት አሻራ፣ የጤና ሁኔታ፣ ብሔርና ሃይማኖት ልዩ ጥበቃ የሚደረግላቸው መረጃዎች ናቸው። መረጃ ከተሰረቀ መረጃ ያዡ ተቋም በ72 ሰዓት ውስጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማሳወቅ አለበት። የአዋጁ ድክመት በሁለት ነገር ይገለጻል። ለብሔራዊ ደኅንነት ሥራ የተተወው ልዩ ሁኔታ ሰፊ ነው፤ ተቆጣጣሪው ባለሥልጣንም ራሱ የመንግሥት ተቋም በመሆኑ መንግሥትን ሲቆጣጠር ነጻነቱ ይፈተናል።

ነዋሪው ምን ማድረግ ይችላል?

አንደኛ፣ ማንኛውም ሰው ከመመዝገቡ በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባዋል። መረጃው ለምን ተፈለገ? ማን ያየዋል? አልሰጥም ብል ምን ይቀርብኛል? መልስ የማይሰጥ መዝጋቢ ከሕጉ ውጭ እየሠራ ነው።

ሁለተኛ፣ የሚስጥር ቁጥርን ለማንም አለመስጠት ይጠቅማል። ማንበብ የማይችሉ ሰዎች ቁጥሩን በቃላቸው ይዘው ራሳቸው እንዲነኩ ማለማመድ የልጆቻቸው ድርሻ ነው። በስም የወጡ ሲም ካርዶችን ብዛት በአገልግሎት ማእከል አጣርቶ የማይታወቀውን ማዘጋትም ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የያዘውን መረጃ ለማግኘት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መንገድ ከፍቷል። ጥያቄው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ይቀርባል፤ መልሱም በ30 ቀናት ውስጥ መሰጠት ይኖርበታል። መልስ ያጣ ሰው አቤቱታውን ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማቅረብ ይችላል።

አራተኛ፣ አቤቱታ ሲቀርብ ቀኑን፣ የተቀበለውን ሰው ስምና የደብዳቤ ቁጥሩን መያዝ ያስፈልጋል። ማስረጃ የሌለው አቤቱታ በየቢሮው ይንከራተታል።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ብሂል በገጠሩ ዘንድ እንደ ጥበብ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ ጥርጣሬ ብቻውን ሰውን ከባንኩ፣ ከብድሩና ከመታወቂያው ያርቀዋል፤ መዝገቡን ግን አያስተካክለውም። መተማመን የሚመጣው የይዞታ ደብተሩ እንዳደረገው መዝገቡ ለባለቤቱም ሲታይ፣ ስሕተቱ ሲታረምና አላግባብ የተጠቀመበት ሹም ወይም ኩባንያ በፍርድ ቤት ሲጠየቅ ነው። ሕጉ ተጽፏል። በደብረ ታቦርም ሆነ በጉና ሥር ባሉ ቀበሌዎች የሚጠበቀው፣ ጠያቂ ሲመጣ መልስ የሚሰጥ ሰው በወንበሩ ላይ መገኘቱ ነው።