ቀላል አገር አቋራጭ ሞተር ሳይክል በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች፦ ስለ ጥገና፣ ስለ ለውጥ ሥራና ስለ ምዝገባ

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ፣ በአርሲ ነጌሌ፣ በመተሐራና በዙሪያቸው ባሉ ወረዳዎች ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚዘልቅ ባለሙያ በብዛት የሚጠቀመው የሞተር ይዘቱ ከ100 እስከ 200 ሲሲ የሆነ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራና ለአስፋልትም ለጥርጊያ መንገድም የሚያገለግል ቀላል ሞተር ሳይክል ነው። ያማሃ ዲቲ 125፣ ኤጂ 100፣ ኤጂ 200 እና ኤክስቲዜድ 125፣ ሆንዳ ኤክስኤል 125 እንዲሁም ሱዙኪ ቲኤፍ 125 የዚህ ወገን ናቸው። የግብርና ልማት ሠራተኞች፣ የክትባት ቡድኖችና የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ለዓመታት ሲሠሩባቸው የቆዩ ሲሆን፣ ከመሥሪያ ቤቶችና ከፕሮጀክቶች በጨረታ እየወጡ ወደ ግለሰቦች የተላለፉትም ጥቂት አይደሉም።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለእነዚህ ሞተር ሳይክሎች ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች ሲሆን፣ በአካባቢው አየርና መንገድ ላይ ጥገናው እንዴት ሊከናወን እንደሚገባና ከሚደረጉት ለውጦች የትኞቹ ለባለንብረቱ ምርጫ የተተዉ፣ የትኞቹ ደግሞ አስቀድሞ ፈቃድ የሚጠየቅባቸው እንደሆኑ ያብራራል። የኋለኛውን ጉዳይ ብዙ ሰው የሚያውቀው ቦሎ ለማሳደስ ወይም ስም ለማዛወር በቀረበ ጊዜ፣ ማለትም ሥራው ተሠርቶ ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው። ግራ መጋባትን ለማስቀረት በዚህ ጽሑፍ «ሞተር» የሚለው ቃል የሚያመለክተው ኃይል አመንጪውን ክፍል ብቻ እንጂ በተለምዶ እንደሚባለው መላውን ተሽከርካሪ አይደለም።

አቧራና የአየር ማጣሪያ

ከተሽከርካሪው ጋር በሚመጣው የአገልግሎት መጽሐፍ ላይ የሚገኘው የጥገና ጊዜ የተሰላው ለተለመደ መንገድ ነው። በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ ያለው አፈር ግን በብዙ ሥፍራ ከእሳተ ገሞራ አመድና ከፓሚስ የተገኘ በመሆኑ እንደ ዱቄት የላመና በቀላሉ የሚነሣ ነው፤ በውስጡም እንደ መስተዋት የጠነከሩ ጥቃቅን ቅንጣቶች አሉ። ይህ አቧራ ማጣሪያውን አልፎ ከገባ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ሲሊንደሩንና የፒስተኑን ቀለበቶች እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ከማርሚታው የሚወጣ ሰማያዊ ጭስና የዘይት ቶሎ ቶሎ መጉደል የዚህ ጉዳት ምልክቶች ናቸው። እዚህ ደረጃ ላይ ከተደረሰ ማጣሪያ ማጽዳት አይበቃም፤ ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት መግባት ይኖርበታል።

ስለዚህ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ደረቅ ወቅት በጥርጊያ መንገድ ዘወትር የሚነዳ ሞተር ሳይክል የአየር ማጣሪያው (ፊልትሮው) በየሳምንቱ ወይም በየ500 ኪሎ ሜትሩ እንዲጸዳ ይመከራል። የስፖንጅ ማጣሪያ በቤንዚን መታጠብ የለበትም፤ ቤንዚን የስፖንጁን መጋጠሚያ ያላቅቃል፣ ለእሳት አደጋም ያጋልጣል። በነጭ ጋዝ ታጥቦ፣ በሳሙናና በውኃ ተለቅልቆ፣ በጥላ ሥር ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ለማጣሪያ በተሠራ ዘይት፣ ካልተገኘም በንጹሕ የሞተር ዘይት ይርሳል፤ ከዚያም ሳይጠመዘዝ በመዳፍ ተጨምቆ ትርፉ ይወጣል። ደረቅ ስፖንጅ የላመውን አቧራ አያስቀርም፤ ዘይት ያልነካውን ማጣሪያ «አጽድቻለሁ» ብሎ መግጠም ካለማጽዳት ብዙም አይሻልም። ማጣሪያው ከሣጥኑ ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ስስ ግሪስ ይቀባል። ሥራው በትክክል መሠራቱን ለማወቅ ከጥቂት ቀናት በኋላ ከማጣሪያው ወደ ካርቡራተር የሚወስደውን ቱቦ ውስጠኛ ክፍል በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። ጨርቁ ላይ አቧራ ከታየ ማጣሪያው ወይም ጠርዙ እያሳለፈ ነው።

የሞተር ዘይትም በዚሁ ምክንያት ከመጽሐፉ ቀድሞ ይቀየራል። መጽሐፉ 3,000 ኪሎ ሜትር የሚል ከሆነ በአቧራ ወቅት 1,500 ላይ መቀየር ያዋጣል፤ ለባለ አራት ምት 125 ሲሲ ሞተር የሚያስፈልገው አንድ ሊትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ወጪው ከሲሊንደር ሥራ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። የእነዚህ ሞተሮች ፍሪሲዮን በዚያው ዘይት ውስጥ የሚሠራ በመሆኑ ለመኪና የተዘጋጀ፣ ማለስለሻ የተጨመረበት ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል። በዕቃው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚል መለያ ያለውን ለሞተር ሳይክል የተሠራ ዘይት መግዛት ተገቢ ነው። ዲቲ 125ንና ኤጂ 100ን የመሰሉ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ደግሞ የማለስለሻ ዘይታቸውን ከተለየ ጋን በፓምፕ ይወስዳሉ፤ ጋኑ አንድ ጊዜ ደርቆ ከነበረ መሙላት ብቻ አይበቃም፣ በቱቦው ውስጥ የገባው አየር እስኪወጣ ድረስ ሞተሩ መነዳት የለበትም።

ሰንሰለትን (ካቴናን) በተቃጠለ ዘይት መቀባት በየጋራዡ የተለመደ ቢሆንም በዚህ አካባቢ ጉዳቱ ያመዝናል። ወፍራሙ ዘይት አቧራውን ይዞ የሰንሰለቱን ፒኖችና የኮሮናውን ጥርስ ይበላል። በነጭ ጋዝና በብሩሽ አጽድቶ፣ ስስ ቅባት ቀብቶ፣ ትርፉን በጨርቅ መጥረግ የተሻለ ነው። የሰንሰለቱ ልልነት ለብዙዎቹ ሞዴሎች ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ሲሆን ትክክለኛው ልክ በመጽሐፉ ወይም በኋላው ክንድ ላይ በተለጠፈው ምልክት ይገኛል።

ከፍታና ካርቡራተር

አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ፣ መተሐራ ከ1,000 ሜትር በታች፣ አሰላ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በአንድ የሥራ ቀን ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ ያልተለመደ አይደለም። ካርቡራተር ያለው ሞተር ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ የሚገባው ነዳጅ በአንጻሩ ይበዛል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። ወደ አሰላ በሚወጣው ዳገት ላይ የሚታየው ድካም በአብዛኛው ከዚህ የመጣ እንጂ ብልሽት አይደለም።

ችግሩ የሚፈጠረው ይህን ለማስተካከል የካርቡራተሩ ቀዳዳ (ጄት) በትንሹ ሲተካና ያው ሞተር ሳይክል ወደ መተሐራ ቆላ ሲወርድ ነው። በዚያ ሙቀት ነዳጅ ያነሰው ሞተር ከመጠን በላይ ይግላል፤ ባለ ሁለት ምት ከሆነ ፒስተኑ ሊነክስ ይችላል። ስለሆነም ካርቡራተሩ የሚስተካከለው ለሚሠሩበት እጅግ ዝቅተኛ ቦታ ነው፤ በደጋው የሚገጥመውን መጠነኛ የጉልበት ማነስና የነዳጅ ብክነት መቻል ይመረጣል። የካንዴላው ጫፍ ቀላል ቡናማ ከሆነ ልኩ ደኅና ነው፤ ነጭ ከሆነ ነዳጅ አንሷል፣ ጥቁር ጥላሸት ከያዘ በዝቷል። በኤሌክትሮኒክ መርጫ የሚሠሩ አዳዲስ ሞዴሎች ይህን ራሳቸው ያስተካክላሉ።

እሾህ፣ ጭቃና የሐይቅ ውኃ

የግራር እሾህ ጎማውን ዘልቆ ካላማዳሪውን ይወጋና ጫፉ ተሰብሮ እዚያው ይቀራል። ካላማዳሪው ተለጥፎ ሲመለስ ያው ስባሪ ዳግመኛ ይወጋዋል። ጎሚስታው የጎማውን ውስጠኛ ክፍል ከመግጠሙ በፊት በጨርቅ እንዲዳስሰው ማስታወስ አይከፋም፤ ጨርቁ የያዘበት ቦታ እሾሁ አለ። አንዳንዶች አሮጌ ካላማዳሪ ቀድደው በአዲሱ ላይ ይደርባሉ። ይህ በቀበሌ መንገድ በዝግታ ለሚሄድ ሰው ሊጠቅም ይችላል፤ በአስፋልት ላይ በፍጥነት ሲነዳ ግን የተደራረበው ጎማ እርስ በርሱ እየተፋተገ ስለሚግል ካላማዳሪው በድንገት ሊፈነዳ ይችላል። የቸርኬው ሽቦዎችም በየሳምንቱ በትንሽ ቁልፍ መታ መታ ተደርገው ይፈተሻሉ፤ የላላው ድምፁ የደነዘዘ ነው።

በክረምት በሞጆና በቢሾፍቱ ዙሪያ ያለው ጥቁር መረሬ አፈር በጎማና በጭቃ መከላከያ (ፓራፋንጎ) መካከል ተጠቅጥቆ መንኮራኩሩን ያቆመዋል። አገር አቋራጭ ሞተር ሳይክሎች የፊት ፓራፋንጓቸው ከጎማው ርቆ ከፍ እንዲል የተደረገውም ለዚህ ነው፤ ለመልክ ሲባል በዝቅተኛው መተካት አይመከርም። የበሰቃና የአብያታ ሐይቆች ውኃ ጨዋማና ሶዳ የበዛበት በመሆኑ ሞተር ሳይክልን በዚያ ማጠብ የቸርኬ ሽቦን፣ ሰንሰለትንና የኤሌክትሪክ መጋጠሚያዎችን ያዝጋል። በእንዲህ ያለ ውኃ ውስጥ ያለፈ ተሽከርካሪ በዚያው ቀን በንጹሕ ውኃ ሊታጠብ ይገባል።

ለባለንብረቱ ምርጫ የተተዉ ለውጦች

የእጅ መከላከያ፣ ከሞተሩ ሥር የሚገጠም የብረት ጋሻ፣ የተሻለ ጥርስ ያለው በልኩ የሆነ ጎማ፣ የመቀመጫ ስፖንጅ ማስተካከል የተሽከርካሪውን ማንነት የማይለውጡ፣ ለአካባቢውም የሚጠቅሙ ሥራዎች ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ በአነስተኛ ወጪ ብዙ ጥቅም የሚሰጠው የፊተኛውን ትንሽ ጥርስ (ፒኞን) ከ14 ወደ 13 ማውረድ ነው፤ ሞተር ሳይክሉ በእያንዳንዱ ማርሽ 7 በመቶ ያህል ፍጥነት ይቀንስና በዚያው መጠን የመሳብ አቅሙ ይጨምራል። በእነዚህ ሞዴሎች የፍጥነት መለኪያው በገመድ ከፊት መንኮራኩር የሚነበብ ስለሆነ ንባቡ አይዛባም።

የኋላ ዕቃ መጫኛ ግን ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። በብዙዎቹ 125 ሲሲ ሞተር ሳይክሎች መጽሐፍ የተፈቀደው ጠቅላላ ጭነት አሽከርካሪውን ጨምሮ ከ150 እስከ 180 ኪሎ ግራም ነው። አሽከርካሪው 70፣ ተሳፋሪው 65 ኪሎ ቢመዝኑና ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ቢጨመር 175 ይሆናል። ያ ክብደት ከኋላ መንኮራኩር ዘንግ ወደ ኋላ ሲያልፍ የፊት ጎማው ይቀልላል፣ መሪው አይታዘዝም፣ የፊት ፍሬኑም ይደክማል። መጫኛው በቡሎን እንጂ በብየዳ እንዳይያዝ ይመከራል፤ ስሱ የሻንሲ ቧንቧ የሚሰነጠቀው ብዙ ጊዜ ከብየዳው ጎን በጋለው ቦታ ነው። ብየዳ የግድ ከሆነ የባትሪው ገመድና የኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያው አስቀድመው ይላቀቃሉ።

ማርሚታን ማውለቅ ወይም ውስጡን ማስፈልፈል ጉልበት ይጨምራል የሚባለው በእነዚህ አነስተኛ ሞተሮች ላይ የረባ መሠረት የለውም፤ ካርቡራተሩ አብሮ ካልተስተካከለ ሞተሩን ያግላል፣ ድምፁ ነዋሪን ይረብሻል፣ የሚወጣው ፍንጣሪም በደረቅ ሣርና በገለባ ላይ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ኃይለኛ መብራት መጨመርም ከዲናሞው አቅም በላይ ከሆነ ባትሪውን ያራግፋል፤ ሽቅብ የተቀጠነ ከሆነ ደግሞ በሌሊት ከፊት የሚመጣውን ያሳውራል። ፍሬቻ፣ የኋላ መብራት፣ ስፖኪዮና ክላክስ «በመንገድ ይሰበራሉ» ተብለው ሲወልቁ ይታያል። በምርመራ ወቅት ሞተር ሳይክልን ከሚያስመልሱት ጉድለቶች መካከል እነዚህ ይገኙበታል፤ የጋሪና የእንስሳት እንቅስቃሴ በሚበዛባቸው በእነዚህ መንገዶች ደግሞ የሚያስከትሉት ጉዳት ከምርመራው በላይ ነው።

አስቀድሞ ፈቃድ የሚጠየቅባቸው ለውጦች

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 እያንዳንዱ ተሽከርካሪ በመለያ ዝርዝሩ እንዲመዘገብ ያዛል። በሊብሬው ላይ የሰፈሩት የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥር፣ የሞተር ይዘት፣ የነዳጅ ዓይነትና ቀለም ሞተር ሳይክሉ ላይ ካለው ጋር መግጠም አለባቸው። መለዋወጫ ስለጠፋ የ125 ሲሲውን ሞተር አውርዶ የሌላ ምርት 150 ሲሲ መግጠም፣ ወደ ኤሌክትሪክ መቀየር፣ ሦስተኛ እግር ወይም ተጎታች መጨመር፣ ቀለም መለወጥ ሁሉ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለመዝጋቢው አካል የሚቀርቡ ጉዳዮች ናቸው። ለሞተር ለውጥ ባለንብረቱ ሊብሬውን፣ የአዲሱን ሞተር የግዢ ደረሰኝና ሕጋዊ አመጣጡን የሚያሳይ የጉምሩክ ማስረጃ ይዞ ይቀርባል፤ ለውጡ በቴክኒክ ምርመራ ከታየ በኋላ በመዝገብ ይሰፍራል።

ልዩ ትኩረት የሚሻው የሻንሲ ቁጥር ነው። በእነዚህ ሞተር ሳይክሎች ቁጥሩ የሚገኘው በመሪው አንገት ላይ ሲሆን፣ ቦታው ለመከላከያ ብረት ማያያዣነት ስለሚመች በብየዳ፣ በሞረድ ወይም በወፍራም ቀለም ሲጠፋ ይስተዋላል። ቁጥሩ የማይነበብ ተሽከርካሪ የማን እንደሆነ ማረጋገጥ ስለማይቻል ባለንብረቱ ያለ ጥፋቱ ከተሰረቀ ንብረት ጋር በተያያዘ ሊጠየቅ ይችላል። በያጁ ወይም ቀለም ቀቢው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ያንን ቦታ በፕላስተር መሸፈን ቀላል ጥንቃቄ ነው።

የሦስተኛ ወገን መድንም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ተሽከርካሪ ያለዚህ መድን በመንገድ ላይ ሊነዳ አይችልም፤ ውሉ የሚለየውም በእነዚሁ ቁጥሮች ነው። አደጋ ደርሶ በሰነዱና በተሽከርካሪው መካከል ልዩነት ከተገኘ ጉዳዩ ወደ ክርክር ይገባል፣ የተጎጂው ካሣም ሊጓተት ይችላል።

በጨረታ ለሚገዙ

ከመግዛትዎ በፊት በመሪው አንገትና በሞተሩ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ከሊብሬው ጋር ያመሳክሩ። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ መከፈሉን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቁ፤ ያለዚያ ስም ማዛወር አይቻልም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታርጋ ወደ ግለሰብ ስለማይተላለፍ ሞተር ሳይክሉ በስምዎ ተመዝግቦ ተገቢው ታርጋ እስኪሰጠው ድረስ በቀድሞው ታርጋ አይንዱት። ለአገልግሎቱ ሊብሬውን፣ የሽያጭ ሰነዱን፣ የመድን ማስረጃውንና መታወቂያዎን ይዘው ተሽከርካሪው በሚመዘገብበት ከተማ ወይም ዞን በሚገኘው የክልሉ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ከነሞተር ሳይክሉ ይቅረቡ።